አዳማ ዳር ለሚሰራ ቤት፦ ከሥዕሉ በፊት ወለሉ

እህቴ ሰላም ነው? ትናንት የለጠፍሽውን ጥያቄ አየሁት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ዱባይ ነሽ፣ አዳማ ዳር ላይ በማህበር 160 ካሬ ደርሶሻል፣ ካርታውም ወጥቷል። ዲዛይን የሚሰራው ልጅ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ጂ+2 (ምድርና ሁለት ፎቅ) በስሪዲ፣ ማለትም ያለቀ ቤት በሚመስል የኮምፒውተር ሥዕል፣ ልኮልሻል። ወንድምሽ ይከታተላል፣ ብሩን በሁለት ዓመት ቀስ እያልሽ ትልኪያለሽ። "ምን ልጠንቀቅ?" ነው ጥያቄሽ። ከስር "እንኳን ደስ አለሽ" የሚለው በዝቷል፣ የእኔንም ጨምሪበት። ግን እዚህ ዳር ላይ ቤት ሰርቼ ከገባሁ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ስህተቱንም የተማርኩት በራሴ ኪስ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። መሐንዲስ አይደለሁም። የራሴን ቤት ሳሰራ በየቀኑ ሳይት ላይ የቆምኩ፣ ከዚያም የሁለት ዘመዶቼን ቤት የተከታተልኩ ሰው ነኝ።

ስሪዲውን ለጊዜው እርሺው። ቆንጆ ነው፣ አልካድኩም። ግን ያው ሥዕል ለአዲስ አበባም ለባህር ዳርም ይላካል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ በሩ ላይ ነጭ መኪና ቆሟል። ጎርፍ የለበትም፣ ንፋስ የለበትም፣ አቧራ የለበትም። አዳማ ሦስቱም አላት።

ከጎርፉ ልጀምር። አዳማ ሳህን ውስጥ እንደተቀመጠች ነገር ናት፣ ዙሪያዋ ኮረብታ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ መንገዱ በከተማው ውስጥ ነው። ዳር ዳሩ እርሻና ግጦሽ እያለ መሬቱ የተወሰነውን ይጠጣው ነበር። አሁን በቦኩም በዳቤም በሌላውም አቅጣጫ ሜዳው ቆርቆሮና ሲሚንቶ እየለበሰ ስለሆነ ውሃው የሚጠጣው አጥቶ ወደ ዝቅተኛው ግቢ ይሮጣል።

እኔ ቦታዬን ያየሁት ጥር ላይ ነው። ደረቅ፣ ልሙጥ ሜዳ። ደላላው "ጠረጴዛ በለው" አለኝ። አልዋሸም፣ ጠረጴዛ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ውሃ ሲደፋ የት እንደሚሄድ ግን አላሰብኩም። ፎርማኑ ወለሉን ከመሬቱ 30 ሳንቲም ከፍ አደረገና "በቂ ነው" አለ። እኔም ገረጋንቲ (ለመሙያ የሚሆን የተመረጠ አፈር) ውድ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሰፈሩ አዋጥቶ ኮብልስቶን መጣልን። ደስታችን ልክ አልነበረውም፣ ባጃጅ በር ድረስ ሊገባ ነው! ለመንገዱ አፈር ሲሞላ ግን እኔ በር ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አለ። ቤቴ ከመንገድ በታች ሆነ ማለት ነው። ያኔም አልነቃሁም።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ምሽት ሁለት ሰዓት አካባቢ ዝናቡ ጀመረ፣ እራት ላይ ነበርን። መጀመሪያ በላሜራው በር ስር ቀጭን ውሃ ገባ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የልጆቹ ነጠላ ጫማ ሳሎን ውስጥ እየተንሳፈፈ ሲዞር አየሁ። ፍሪጁን ከባለቤቴ ጋር ተጋግዘን ወንበር ላይ ሰቀልነው። ጠዋት ላይ የቀረው ጭቃ ግራጫ፣ ልስልስ ያለ፣ ሲደርቅ እንደ ዱቄት የሚቦንን ነገር ነው። ከሶፋው ስር እስከ መስቀል ድረስ ስንጠርገው ነበር።

አጠገባችን አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ኦቦ እያልን ነው የምንጠራቸው፣ ሰፈሩ ሳይሸነሸን በፊት እዚያው ያርሱ ነበር። ጭቃ ስንጠርግ መጥተው ቆመው አዩንና "ልጄ፣ ይሄ እኮ የውሃ መንገድ ነው። በሬ እንኳ እዚህ አናስርም ነበር" አሉኝ። ለምን ቀድመው አልነገሩኝም ብዬ ተናደድኩ። ማን ጠየቃቸው ግን? እኔ የጠየቅኩት ደላላውን ነው።

መፍትሄው ከስህተቱ በላይ አስወጣኝ። ስድስት ሲኖ መኪና ገረጋንቲ ግቢው ውስጥ ገለበጥን፣ የቤቱን ወለል 40 ሳንቲም አነሳነው፣ በሮቹ ሁሉ ከላይ ተቆረጡ። 2.80 የነበረው ኮርኒስ 2.40 ሆነ፣ በአዳማ ሙቀት! የሳሎኑ መስኮት አሁን ጉልበቴ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ "ዲዛይኑ ነው?" ይለኛል። አዎ እላለሁ።

ስለዚህ ወንድምሽን በሐምሌ፣ ዝናቡ እየዘነበ እያለ፣ ቦታው ላይ አቁሚውና ቪዲዮ ይላክልሽ። አባርቶ አይደለም፣ እየዘነበ። ድሮ እዚያ ያርስ የነበረ ሰው ፈልጎ ያናግር። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የወደፊቱን መንገድ ከፍታ ይጠይቅ። የቤትሽን ወለል ዛሬ ካለው መሬት ሳይሆን መንገዱ ተሰርቶ ሲያልቅ ከሚኖረው ከፍታ ለኪ። እኔ ዛሬ ብሰራ ከዚያ በላይ ቢያንስ 60 ሳንቲም አነሳዋለሁ። ግቢው ወደ ቦይ ያዘንብል፣ ወደ ጎረቤት ግን አይሁን፣ በዚህ የተጣላ ሰፈር አውቃለሁ። በርሽ ፊት ያለውን ቦይ ለመኪና መግቢያ ብለሽ በኮንክሪት አትድፈኚው፣ ሰፊ ቱቦ ይግባበት።

ውሃው የሚያስፈራው ቤት ስለሚገባ ብቻ አይደለም። የእኛ አካባቢ አፈር አብዛኛው የእሳተ ገሞራ አመድና ልል ነገር ነው። ደረቅ ሲሆን በዶማ እንኳ የሚያስቸግር፣ ውሃ ሲጠግብ ቁጭ የሚል ዓይነት። የቤት ግድግዳ በሰያፍ ሲሰነጠቅ "ግንበኛው ነው" ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ከአሸንዳ የወረደ ውሃ መሠረቱ ስር ሲጠራቀም የመጣ ነው። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘነበለ ሲሚንቶ ይለበስ፣ የአሸንዳው ውሃ እስከ ቦይ በቱቦ ይሂድ። ለጂ+2 ደግሞ የአፈር ምርመራ አሰሪ። "ጎረቤትም እንዲሁ ነው የሰራው" የሚልሽን አትስሚ።

መሬት መንቀጥቀጡንም ሰምተሻል። ከታህሳስ እስከ የካቲት 2017 በአዋሽና በፈንታሌ በኩል ሲናወጥ እኛም ጋ ተሰምቶናል። አንድ ሌሊት የሳሎኑ አምፖል ሲወዛወዝ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ታህሳስ 26 የነበረው 5.7፣ የካቲት 7 የነበረው 6.0 ነው የተመዘገበው። አዳማ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ናት። ጂኦሎጂስቶች በሸለቆው መሃል የሚያልፈውን ዋናውን የስንጥቅ መስመር በጎረቤታችን በወንጂ ስም ነው የሚጠሩት። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም፣ ዲዛይንሽን ስላየሁ ነው። ታች ሙሉ ሱቅ፣ ቀጫጭን ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ)፣ ግድግዳ የሚባል የለም። ላይ ሁለት ፎቅ ብሎኬት ተጭኖበታል። መሬቱ ሲወዛወዝ ከባዱ ላይኛው ክፍል ግድግዳ በሌለው ታችኛው እግር ላይ ነው የሚወዛወዘው። ሱቅ አትሰሪ አላልኩም። ስትራክቸሩን የሚሰራው መሐንዲስ ይህን አስቦ ኮለኑን ያወፍር፣ ግድግዳም ይጨምርበት። ወንድምሽ ደግሞ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የኮለኑን ስታፋ፣ ማለትም ቋሚውን ብረት ዙሪያውን የሚያስረውን ቀጭን ብረት፣ ይቁጠር። ኮለንና ቢም የሚገናኙበት ጋ ስታፋው መጥበቅ አለበት፣ ሠራተኛው ደግሞ እጁ ስለማይገባለት የሚዘላት እዚያችው ላይ ነው። ፎቶ ያንሳና ይላክልሽ።

አሁን ወደ መስታወቱ። እኛ ሰፈር መግቢያ ላይ አንድ ጂ+2 አለ፣ ፊቱ ሙሉ ሰማያዊ መስታወት፣ ወደ ምዕራብ የዞረ። ሲመረቅ ሁላችንም ፎቶ ተነስተንበታል። ዛሬ ባለቤቶቹ ጠዋትና ማታ መጋረጃ ዘግተው፣ በቀን መብራት አብርተው ነው የሚኖሩት። ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው ውስጥ ቡና መጠጣት አይቻልም። አንድ ቀን ተጋብዤ ሄጄ ከጀበናው ይልቅ መስታወቱ ነው ያላበኝ።

የቦታሽ ፊት ምዕራብ ከሆነ ትልልቁን መስኮት ወደ ሰሜንና ደቡብ ውሰጂው፣ በምዕራብ በኩል ደረጃ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ዕቃ ቤት ይሁን። ፀሐይ እኛ ጋ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በሰሜን በኩል ናት፣ ሌላውን ጊዜ በደቡብ። ግን ያኔ ቀትር ላይ ከፍ ስለምትል ወጣ ያለ ጣሪያ ወይም በረንዳ ይጋርዳታል። የማታውን የምዕራብ ፀሐይ ግን ምንም በረንዳ አይጋርደውም። መስታወቱን ካልተውሽው እንኳ የሚከፈት መስኮት ይብዛበት። ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፦ ጊዜ ካገኘሽ ወንጂ ሂጂና በ1946 ሥራ የጀመረውን የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች መኖሪያ ሰፈር እዪ። በረንዳ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ጥላ አለ። ፋብሪካውን ያቋቋሙት ሆላንዶች አየር ማቀዝቀዣ ሳይኖራቸው ያን ሙቀት እንዴት እንዳለፉት ይገባሻል። እኛ ከስልሳ ሰባ ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጠን መስታወት ገጠምን።

ንፋሱም ቀላል አይደለም። ከተማዋ ላይ ያሉት ኮረብቶች ላይ መጀመሪያ 34 ቀጥሎ 102 የንፋስ ማመንጫ የተተከለው ለጌጥ አይደለም። በበጋ ቆርቆሮ ይገነጥላል። ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨት፣ ሞራሌው፣ በሚስማር ብቻ አይያዝ፣ ከቢሙ በሚወጣ ፌሮ (ብረት) ይታሰር። ጣሪያውን በግንብ ደብቆ "ሞደርን" ማድረግ አሁን ፋሽን ነው፣ በውስጡ ያለው አሸንዳ ግን አቧራና ቅጠል ሞልቶት በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ኮርኒስሽ ይፈሳል። እኔ ብሆን ጣሪያው ይታይ፣ ወጣ ይበል። ንፋሱ ሶሌታም (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) ያበላሻል። ጠዋት የተሞላ ሶሌታ ንፋስና ፀሐይ አብረው ሲመቱት ከሰዓት በኋላ ፊቱ እንደ ደረቀ ኩሬ ይሰነጣጠቃል። በማለዳ ይሞላ፣ ወዲያው እርጥብ ጆንያ ይልበስ፣ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ። ዘበኛው "አጠጥቻለሁ" ካለ ወንድምሽ ጆንያውን በእጁ ይንካ።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። መሬት ውስጥ ታንከር፣ ላይ ሮቶ፣ ያለዚያ አይሆንም። ጉድጓድ አስቆፍሪ የሚልሽ ይመጣል። አስቆፍሪ፣ ግን ለአትክልትና ለልብስ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ የእኛ አካባቢ ልጆች ጥርስ የሚበልዘው በሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ሳታስመረምሪ አትጠጪው፣ ማፍላት ደግሞ አያጠፋውም፣ እንዲያውም ያከማቸዋል። የፍሳሽ ጉድጓዱ ወደ በሩ ቅርብ ይሁን፣ መጣጭ መኪናው ቱቦውን ዘርግቶ እንዲደርስበት። ጓሮ የቀበረ ጎረቤት አለኝ፣ ቱቦው በሳሎኑ መሃል ነው የሚያልፈው።

ብሩን በተመለከተ። በሁለት ዓመት ከሆነ የምትልኪው ጂ+2ን በአንዴ አትጀምሪ። መሠረቱና ኮለኑ ለሦስቱም ይታሰብ፣ ምድሩ ግን ተጠናቆ፣ ሰው የሚገባበት ሆኖ ይለቅ። ፈጣን መንገዱ በ2007 ከተከፈተ፣ በ2011 ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተጨመረ ወዲህ ዳር ላይም ተከራይ አይጠፋም፣ በተለይ የራሱ መግቢያ ያለው ክፍል ቶሎ ይያዛል። ኪራዩ ለቀጣዩ ፎቅ ይሆናል። ወደ ላይ የቀረውን ፌሮ በስስ ሲሚንቶ አስለብጪው፣ ካልሆነ ዝጎ ይጠብቅሻል። ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜም የቦታሽ ውል ላይ አለ፣ አሁኑኑ አውጥተሽ አንብቢው።

አሁን ሰኔ ሊገባ ነው፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የጠየቅሽው። ቁፋሮውን ለመስከረም አሳድሪውና ክረምቱን ወንድምሽ ቦታውን ይመልከተው። ሐምሌ ላይ የሚልክልሽን ቪዲዮ እዚህ ለጥፊው፣ ቦታው በየት በኩል እንደሆነ ከነገርሽን ደግሞ እኔም ሲዘንብ ጎራ ብዬ አየዋለሁ። ቦት ጫማ አለኝ፣ ያን ዓመት የገዛሁት።