ከእበትና ከአፈር የተሠራ ኮረብታ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ሳምንት የሄገበይንቱምን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ጥያቄ ጎርፎልኛል። ቦታው በኔዘርላንድ ሰሜን፣ ፍሪስላንድ የሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ለጥ ያለ ሜዳ፣ መሃሉ ላይ አንድ ኮረብታ፣ አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን። "ኮረብታው ሰው ሠራሽ ነው" ስላችሁ ብዙዎቻችሁ አላመናችሁኝም። እስቲ የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምርህን ነው? ማን ሠራው?

የምሬን ነው ወንድሜ። የባሕሩ ዳርቻ ነዋሪዎች ባሕሩ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ቤታቸው ከውሃ በላይ እንዲሆን በእጃቸው ቆልለውት ነው። ፍሪስላንድ ውስጥ "ቴርፕ" ይሉታል፣ ጎረቤት ግሮኒንገን "ዊርደ"፣ ጀርመኖች ደግሞ "ቫርፍት"። የመጀመሪያዎቹ የተጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት 600 ገደማ ነው። ባሕሩን የሚመልስ ግድብ የመጣው ግን ከ1000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ነው። እስከዚያ ድረስ ከጉብታው ሌላ መከታ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ከምን ከምን ነው የተሠራው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። መጀመሪያ ሣራማውን አፈር ከነሥሩ እየቆረጡ ይደረድሩታል። ከዚያ የቤቱ ኑሮ ራሱ ይጨመርበታል፦ የከብት እበት፣ አመድ፣ ገለባ፣ የተሰበረ ሸክላ፣ አጥንት። ቤቱ ሲያረጅ ያፈርሱትና በላዩ ላይ አፈርና እበት ደልድለው አዲስ ይሠራሉ። የልጅ ልጅ ቤት በአያቱ ቤት አናት ላይ ይቆማል ማለት ነው። ሲጀመር ለየቤቱ ትንሽ ትንሽ ጉብታ ነበረ። እየሰፉ ሲሄዱ ተጋጠሙና አንድ መንደር ሆኑ።

ግሮኒንገን ውስጥ ኤዚንገ የምትባል መንደር አለች። አርኪዮሎጂስቱ ቫን ጊፈን ከ1923 እስከ 1934 ባሉት ዓመታት ጉብታዋን ቆፈረው። አንዱ መንደር በሌላው ላይ ተነባብሮ አገኘ። ከቀጭን እንጨት የተጠለፈው ግድግዳ ከ2,000 ዓመት ገደማ በኋላ የታችኛው ክፍሉ እንደቆመ ነበር! እርጥቡ እበት አየር ስለከለከለው አልበሰበሰም። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር፤ ከብቶቹ ግራና ቀኝ በተከፋፈለ በረት ይታሰራሉ። እኔ የዚያን ቁፋሮ ፎቶ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። የሰው ጓዳ እኮ ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ሌላ ቦታ ጠፍቶበት ነው ውሃ ውስጥ የሚኖረው?

ሣሩ ነዋ! ባሕሩ እየመጣ የሚተወው ደለል ለግጦሽ የሚሆን ለም ሜዳ ፈጠረ። ዛፍ የለውም፣ መመንጠር አያስፈልግም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህን የባሕር ዳር ሰዎች አይቶ አዘነላቸው። ባሕሩ ሲሞላ መርከበኛ፣ ሲጎድል መርከቡ የተሰበረበት ሰው ይመስላሉ አለ። ጭቃ በነፋስ አድርቀው እንደሚያነዱም ጻፈ፤ እንደ ኩበት በሉት። ከብት የላቸውም ያለው ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። የኤዚንገ በረቶች ሌላ ነው የሚናገሩት።

ጥያቄ፦ የሚጠጣ ውሃ ከየት ያመጣሉ?

ከዝናብ። ጉብታው መሃል ላይ ኩሬ ይቆፍራሉ። ጀርመን ጠረፍ ያሉት ሃሊግ የሚባሉ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ይህ ኩሬ "ፌቲንግ" ይባላል፣ ለከብት ነው። ማዕበል ጨው ካስገባበት ጉድ ፈላ።

ጥያቄ፦ እህቴ ጀርመን ናት፤ ሃሊጎቹ ላይ ዛሬም ሰው አለ ትላለች። አይፈሩም?

አለ እንጂ። በዓመት ብዙ ጊዜ ባሕሩ ሜዳውን ሁሉ ይሸፍነዋል፣ ቤቶቹ ያሉበት ጉብታ ብቻ ይቀራል። ይህን "ላንድ ኡንተር" ይሉታል፤ መሬቱ ሰጠመ እንደማለት። በ1825 የካቲት የመጣው ማዕበል ግን ጉብታዎቹንም አልፎ ብዙ ቤት ጠራርጎ ወስዷል። ከ1962ቱ ጎርፍ በኋላ በየቤቱ ፎቅ ላይ መጠለያ ክፍል ተሠራ። ክፍሉ የቆመው ጉብታው ውስጥ ጠልቀው በተተከሉ የራሱ የኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ ነው። ግድግዳው ቢሄድ እንኳ ክፍሉ አይሄድም።

ጥያቄ፦ ፎቶው ላይ አንዱ ጎን ገደል የሆነው ለምንድነው?

ይህ ያንገበግበኛል። ከ1800ዎቹ አጋማሽ እስከ 1940ዎቹ ጉብታዎቹ እየተቆፈሩ ለማዳበሪያ ተሸጡ። የዘመናት እበትና አመድ ፎስፌት የሞላበት አፈር ሆኗል። በጀልባ እየተጫነ ወደ ደካማ አሸዋማ መሬት ሄደ። ብዙ ጉብታ ከግማሽ በላይ ጠፋ፣ አንዳንዱም ፈጽሞ። ድሃ መሬት የያዘውን ገበሬ አልወቅስም፤ አዝመራ ያስፈልገዋል። ግን የሺህ ዓመት ቤት ነው የተሸጠው። ሄገበይንቱም ላይ ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ ያሉበት ክፍል ተረፈ። ከባሕር ወለል 8.8 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ በአገሩ ካሉት ቴርፖች ከፍተኛው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አሁን በዚህ ዘመን አዲስ የሚሠራ አለ?

አለ። ደቡብ ኔዘርላንድ ውስጥ ኦቨርዲፕሰ በሚባል የወንዝ ዳር ሜዳ፣ መንግሥት ለወንዙ ማስተንፈሻ ቦታ ሲፈልግ ገበሬዎቹ ራሳቸው "ቴርፕ ይሠራልንና እንቆይ" አሉ። ተሠራላቸው። ቁመቱ 6 ሜትር ገደማ ነው። ወንዙ ከልክ በላይ ሲሞላ ውሃው ማሳው ላይ ይለቀቃል፤ ቤቱና በረቱ ግን ከፍ ብለው ቴርፑ አናት ላይ ናቸው።