ቅቤና ሎሚ የነካው ሰማያዊ ፈርጥ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፍላችሁ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሰማያዊ ፈርጥ ያለው የብር ቀለበት አምጥቶልኝ ነበር። ሻጩ «ክሪሶኮላ ነው» ብሎታል። ለፋሲካ ቀለበቱን ሳላወልቅ ፀጉሬን ቅቤ ተቀባሁ፤ ፈርጡ ጠቆረ። በሎሚ ሳሸው ጭራሽ ወዙ ጠፋ። ተታልለን ይሆን? ጎረቤቴ ደግሞ «ውሃ ውስጥ አሳድረሽ ጠጪው፣ ለጨጓራ ፍቱን ነው» ትለኛለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እባክሽ ውሃውን እንዳትጠጪ። የድንጋዩ ሰማያዊነት የመጣው ከመዳብ ነው፣ መዳብ ደግሞ ሲበዛ ያስታውካል፣ ሆድም ይቆርጣል። ጨጓራሽን ካመመሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ወደ ቀለበቱ ስንመጣ፣ የነገርሽን ሁሉ ከክሪሶኮላ ጠባይ ጋር ይገጥማል። የቆየ የነሐስ መስቀል አረንጓዴ ሲያወጣ አይተሽ የለ? መሬት ውስጥ ያለ የመዳብ ማዕድንም ውሃና አየር ሲያገኘው ይለወጣል፤ ውሃው ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) ይዞ ከመጣ ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ ይህን ሰማያዊ ድንጋይ ይሰራል። በቺሊ፣ በአሜሪካዋ አሪዞናና በኮንጎ ካታንጋ ይወጣል። ስሙ የግሪክ ነው፣ «የወርቅ ማጣበቂያ» ማለት ነው፤ የጥንት አንጥረኞች ወርቅ ሲበይዱ እንዲህ ያሉ የመዳብ ማዕድናትን ይጠቀሙ ነበር።

ችግሩ ለስላሳነቱ ነው። ማዕድናት ከ1 እስከ 10 በሚመደቡበት የሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ከ2.5 እስከ 3.5 ቢሆን ነው። የጣት ጥፍር 2.5 ገደማ ነው፣ ሌላው ሰማያዊ ፈርጥ ቱርኩይዝ ደግሞ ከ5 እስከ 6 ይደርሳል። ኳርትዝ የተባለው ጠንካራ የሲሊካ ማዕድን የሰረጸበት ክሪሶኮላ ግን እስከ 7 ይጠነክራል። ያንቺው ቅቤ ከጠጣ ከዚህኛው ወገን አይመስለኝም። ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ፈሳሽ ይመጥጣል፤ የወሎ ኦፓል ውሃ ሲነካው መልኩን ሲቀይር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሎሚው ደግሞ አሲድ ነው፣ ላዩን በልቶታል።

ቀለም የተነከረ ድንጋይ መሆኑን ለመለየት በአልኮል የረጠበ ጥጥ ከጀርባው በኩል በቀስታ እሺበት፤ ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ ቀለም ነው።

ቅቤው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ በረኪናም አይሞከርም። ወዙን ግን ጎበዝ አንጥረኛ ላዩን እንደገና አለስልሶ ሊመልሰው ይችላል። ከእንግዲህ ቅቤ ስትቀቢ፣ ልብስ ስታጥቢ፣ ወጥ ስትሰሪ አውልቂው። አቧራ ሲይዘው በደረቅ ጨርቅ አትፈትጊው፣ አቧራው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ይጭረዋልና፤ እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ከሌላ ጌጥ ጋርም አታቀላቅይው፣ ለብቻው በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው።