አራት ነጥብ የተለጠፈበት ሊንክ

ጥያቄ፦ በዎርድፕሬስ የተሠራ የአማርኛ ድረ ገጽ አስተዳድራለሁ። የጽሑፎቻችን ሊንክ በቴሌግራም ሲዘዋወር «ገጹ አልተገኘም» የሚል መልእክት እንደሚገጥማቸው አንባቢዎች ይነግሩኛል፤ እኔ ከድረ ገጹ ስገባ ግን ሁሉም ይከፈታል። የተበላሸውን አድራሻ በሙሉ ወደ መነሻ ገጽ የሚመልስ ፕለጊን ብጭን ይሻላል?

መልስ፦ ባይጭኑት ይሻላል። አንድን ዜና ፈልጎ የመጣ ሰው መነሻ ገጽ ላይ ሲጣል ትቶ ይሄዳል፤ ጉግልም እንዲህ ያለውን ማዛወር ገጹ እንደሌለ ሊቆጥረው ስለሚችል፣ የፕለጊኑ ትርፍ ችግሩን ከእርስዎ ዓይን መሰወር ብቻ ነው።

ይልቅስ የሰርቨሩን ሎግ (የገቡ ጥያቄዎች መዝገብ) ይክፈቱና 404፣ ማለትም «ገጹ አልተገኘም»፣ የተመዘገበባቸውን አድራሻዎች መጨረሻ ይመልከቱ። አራት ነጥብ የተለጠፈባቸው እንደማይጠፉ እገምታለሁ። ሊንኩን አስቀምጦ ባዶ ቦታ ሳይተው «።» የሚጨምር ሰው ብዙ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ነጥብ ከሊንክ ለይቶ የሚተው መተግበሪያ የእኛን ሥርዓተ ነጥብ የአድራሻው አካል አድርጎ ሊወስደው ይችላል። መፍትሔው በ«።»፣ በ«፤» ወይም በ«፣» የሚያልቅ አድራሻ ሲመጣ ምልክቱን ቆርጦ ወደ ትክክለኛው ገጽ የሚያዛውር አንድ ደንብ ሰርቨሩ ላይ መጻፍ ነው። ደንቡን በ302 (ጊዜያዊ ማዛወር) ሞክረው ካረጋገጡ በኋላ ወደ 301 (ቋሚ ማዛወር) ይለውጡት፤ አሳሾች 301ን ስለሚያስታውሱ የተሳሳተ ደንብ ከአንባቢ ስልክ ላይ በቀላሉ አይጠፋም።

ሌላው ጣጣ ርዝመት ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት 3 ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት አድራሻ ውስጥ በ% እና በሁለት ተጨማሪ ምልክቶች ስለሚጻፍ «ሰ» ብቻዋን 9 ቦታ ትወስዳለች። ዎርድፕሬስ ለጽሑፉ መለያ (አድራሻው ውስጥ ጽሑፉን ለሚለየው ክፍል) የመደበው 200 ቦታ በመሆኑ ከ22 ፊደል ያህል በላይ አይዘልቅም፤ ያም ሆኖ የ% ሰንሰለቱ ረጅም ስለሆነ ሲገለበጥ መሐል ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ቁርጡ ሙሉ ፊደል ላይ ካረፈ ዎርድፕሬስ አጀማመሩ የሚመሳሰል ጽሑፍ ፈልጎ ለማድረስ ይሞክራል። መጨረሻው ላይ % ብቻዋን ከቀረች ግን እንደ ኤንጂንኤክስ ያለ ሰርቨር ገና ከበሩ በ400 («የተሳሳተ ጥያቄ») ስለሚመልሰው የትኛውም ፕለጊን ጥያቄውን አያየውም። ስለዚህ ከማተምዎ በፊት መለያውን በሁለት ወይም በሦስት ቃል፣ ቢቻል በላቲን ፊደል ያሳጥሩት። የታተመ ጽሑፍ መለያ ቢቀየር ዎርድፕሬስ የቀድሞውን መዝግቦ ስለሚያዛውር የተሰራጨው ሊንክ አይሞትም።

ሎጉ ላይ ኖረው የማያውቁ ገጾችን የሚያነፈንፉ ቦቶችም (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ያጋጥሙዎታል፤ ለእነርሱ 404 ተገቢ መልስ ነው።