ከአገር ቤት ቅቤ ላስመጣ ወይ ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ጀርመን ነኝ፣ የሱፐርማርኬት ቅቤ ሳነጥር የእኛ ቅቤ ሽታ አልመጣ አለኝ፣ ደግሞም ይጎድልብኛል፣ እናቴ ስትመጣ ይዛልኝ ትምጣ ወይ ብለሻል። በፍጹም እንዳታስመጪ!

1. ጉምሩክ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ቅቤ ቢነጠርም ያው ቅቤ ነው። አክስቴ ይህን ማን ነግሯቸው? ለልጄ ክርስትና ሲመጡ ለጋ ቅቤ ገዝተው፣ ራሳቸው አንጥረው፣ በባልዲ አሽገው፣ ለትርፍ ኪሎ ከፍለው ነው የመጡት። ሲነሡ ሻንጣቸውን የመዘነው ሰው ገንዘቡን ተቀበለ እንጂ «እማማ፣ ይህ አያስገባዎትም» አላላቸውም። እዚህ ሲደርሱ የጉምሩኩ ሰውዬ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ቋንቋውን በማያውቁ ሴት ላይ ይጮህ ጀመር። ሕግ ነው፣ ይውሰደው። ግን እናቱ የሚሆኑ ሴት በገዛ እጃቸው ቆሻሻ ውስጥ እንዲጥሉት ማድረግን ምን አመጣው? እያለቀሱ ነው የወጡልኝ። ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል።

ቅመማቸውን ግን ማንም አልነካባቸውም። ኮሰረቱም፣ ኮረሪማውም፣ በሶብላውም ደርቆ ታሽጎ ስለነበር እንዳለ ገባ። ክርስትናውን ያወጣን በዚያ ቅመም ነው።

2. ቅቤው። አነጣጠርሽ ላይ ችግር ያለ አይመስለኝም፣ የምትገዢው ቅቤ ላይ ነው። የአገራችን ቅቤ የሚወጣው ከእርጎ ነው። ወተቱ በታጠነ ዕቃ ረግቶ፣ ኮምጥጦ ነው የሚናጠው፤ ሽታው ከዚያ ይጀምራል። እዚህ አብዛኛው ካልኮመጠጠ ክሬም የሚሠራ ስለሆነ ምንም ቅመም ብታፈሺበት ባዶ ባዶ ይላል። «ዛወርራምቡተር» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጊ፤ ክሬሙ ኮምጥጦ የተናጠ ማለት ነው። ጨው የሌለበት ይሁን። ቡተርሽማልዝ የሚሉት በጣሳ የሚሸጠው ነጥሮ ያለቀ ስለሆነ ለችኮላ እንጂ ለዶሮ አልመክርሽም።

3. ጎደለብኝ ያልሽው ማንም አታሎሽ አይደለም። የዚህ አገር ቅቤ ቢያንስ 82 በመቶው ነው ስቡ፤ እስከ 16 በመቶ ውኃ አለው። አራቱን ባለ 250 ግራም ስታነጥሪ 800 ግራም ገደማ ከወጣልሽ በደንብ አንጥረሻል።

4. እሳቱና ኮሰረቱ። ለክርስትናው ዋዜማ አክስቴ ወንበር ስበው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ቅቤው በቀስታ ቀለጠ፣ አረፋው ሲነሣ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዚያ ለኪሎው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ የተሸከሸከ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ትንሽ አብሽ፣ ቁንጥር እርድ ገባበት። «አትነካኪው፣ ድምፁን ስሚ» አሉኝ። መንጣጣቱን እስኪተው ድረስ ውኃው አላለቀም፤ ቶሎ ካወጣሽው ሳይቆይ ይበላሻል። ዝም ሲልና ከሥር ያለው ወርቃማ ሲሆን ወዲያው አውርጂ፤ ትንሽ ካለፈ ይጠቁርና ይመርራል። ትንሽ ሲበርድ በንጹሕ ጨርቅ አጥሪው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋም በኋላ ሙቀቱን ስለሚይዝ ድስቱን አንሥተሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪው፣ እዚያው አትተይው።

በማግሥቱ ዶሮው ሲቀርብ አንድ የባለቤቴ ወዳጅ «የሸኖ ቅቤ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ከሰፈራችን ሱፐርማርኬት ነው ስለው አላመነኝም፤ ማሸጊያውን አውጥቼ አሳየሁት! አክስቴም ያን ቀን ሳቁ።

ስለዚህ ለእናትሽ ዛሬውኑ ደውዪላቸው። ኮሰረት በደንብ፣ ኮረሪማው ከነቅርፊቱ (የተፈጨው ሽታው ቶሎ ይጠፋል)፣ በሶብላ፣ ሁሉም የደረቀ፣ ለየብቻው የታሸገና ስሙ የተጻፈበት። ሻንጣቸው ሲከፈት አጠገባቸው መቆም ስለማትችዪ፣ የያዙትን በጀርመንኛ ጽፈሽ ላኪላቸውና ወረቀቱን በእጃቸው ይያዙ።