ቁስሉን ከመንካታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

ተውኔት፣ ሥዕልና ሙዚቃ ይዛችሁ በጦርነት ወደ ተጎዱ አካባቢዎቻችን ለመሄድ መነሳታችሁን ስሰማ ከልቤ ተደስቻለሁ። ዕድሜዬን በሥነ ልቦና ድጋፍ ሙያ ያሳለፍኩ እንደመሆኔ ግን አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባችኋለሁ፤ የተጎዳውን ሰው ሕመምህን ተናገር ከማለታችሁ በፊት፣ በደል አደረሰብኝ ከሚለው ወገን ሰው ጋር አብሮ የሚሠራው ነገር ፈልጉለት።

ይህን እምነቴን ያጸናልኝ የሩዋንዳ ተሞክሮ ነው። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1994 በመቶ ቀናት ውስጥ ወደ 800,000 የሚገመት ሕዝብ፣ አብዛኛው የቱትሲ ብሔር ተወላጅ፣ በጎረቤቶቹ ጭምር ተጨፈጨፈ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ኦዲል ጋኪሬ ካቴሴ የተባለች የቲያትር ባለሙያ በቡታሬ ከተማ ኢንጎማ ንሽያ የሚባል የሴቶች የከበሮ ቡድን አቋቋመች። በአገሩ ባህል ከበሮ መምታት የወንዶች ሥራ ነበርና፣ ቤተሰባቸው ያለቀባቸውም ሆኑ ባሎቻቸው በግድያው የተሳተፉ ሴቶች መሣሪያውን የጀመሩት እኩል ነው። ምቱ እንዲሰምር እያንዳንዷ የጎኗን ሴት ማዳመጥ አለባት፤ ይቅርታ እንድትጠይቅ ወይም እንድትሰጥ ግን የሚያስገድዳት የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከቡድኑ አንዳንዶቹ በከተማዋ አይስክሬም ቤት ከፍተው አብረው መሥራት ጀመሩ። ለእኔ ይህ የጋራ እንጀራ ከብዙ የዕርቅ ንግግር ይበልጣል።

ኪነ ጥበብ በራሱ ንጹሕ ነው ብላችሁ ግን አትመኑ። በሩዋንዳው ጭፍጨፋ ጊዜ ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ ጥላቻውን ያሰራጨው በቀልድና በዘፈን ጭምር እያዋዛ ነበር፤ እኛም ብንሆን ሙሾ ብቻ ሳይሆን ቀረርቶም ያለን ሕዝብ ነን።

ስለዚህ ሩዋንዳውያን እ.ኤ.አ. በ2004 በሌላ የሬዲዮ ጣቢያ ሙሴኬዌያ የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ማሰማት ሲጀምሩ፣ ሁቱና ቱትሲ የሚሉትን የብሔር ስሞች ሳያነሱ በሁለት ልብ ወለድ መንደሮች ጠብ ታሪኩን ነገሩ። ኤሊዛቤት ሌቪ ፓሉክ የተባለች ተመራማሪ ይህን ድራማ ለአንድ ዓመት ያዳመጡ ሰዎችን፣ ስለ ጤና የሚያወራ ድራማ ካዳመጡ ሌሎች ጋር አነጻጽራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተመች። የአድማጮቹ የግል እምነት ብዙም አልተለወጠም ነበር፤ የተለወጠው በማኅበረሰባቸው ዘንድ ተገቢ ነው ብለው የሚያስቡት ነገር፣ ማለትም ከሌላው ወገን ጋር መጋባት፣ ሐሳብን በግልጽ መቃወምና ስለ ደረሰ ጉዳት መነጋገር ነበር። ይህን ውጤት አታሳንሱት፤ ሰው ልቡ ሳይለወጥም ጎረቤቱን ለመንካት የሚያፍርበት ሰፈር ከተፈጠረ ሕይወት ይተርፋል። ለረጂ ድርጅቶች በምትጽፉት ዕቅድ ላይም ልብ እንለውጣለን ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ተውኔታችሁ ፍርድን እንዲተካም አትፍቀዱ። በሩዋንዳ ከበሮውና ድራማው የተሰሙት የጋቻቻ ሸንጎዎች በየመንደሩ ክስ እያደመጡ ባሉበት ዘመን ነበር፤ ፍትሕ የተነፈገን ሰው አብረህ ዘፍን ማለት ሁለተኛ በደል ነው።

ልምምዱ መሐል ተነሥቶ የወጣን ሰው ለምን ብላችሁ አትጠይቁት፤ አንድ የሠለጠነ አማካሪ ግን ውጭ ይጠብቀው። የሚያለቅስን ሰው አትቅረጹ። ሥዕሉም ሆነ ታሪኩ የባለቤቱ ነውና፣ ተስማምቶ ከሰጣችሁ በኋላ እንኳ ሐሳቡን ቀይሮ መልሱልኝ ሲላችሁ ያለ ክርክር መልሱለት።