አትቁረጡት፦ የድሮ የሙዚቃ ደረጃ ፕሮግራም ለምታዩና ካሴት ለምትገለብጡ ልጆች

ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች፣ እንዴት ከርማችኋል?

ከእናንተ መካከል የድሮ የሙዚቃ ፕሮግራም ፈልጋችሁ የምታዩ፣ ከዚያም አልፋችሁ ቁም ሳጥን ላይ የከረመ የቪዲዮ ካሴት አውርዳችሁ ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ የምትሞክሩ አላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበላችሁ፦ ስታዩ አትዝለሉ፣ ስትገለብጡም አትቁረጡ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

የእንግሊዙን «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» እንያዝ፤ በየሳምንቱ የዘፈን ደረጃ ከሚያቀርቡ ፕሮግራሞች ሁሉ ስሙ የገነነው እሱ ነውና። ቢቢሲ የጀመረው ታኅሣሥ 22 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1964 መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ስቱዲዮ ማንችስተር ከተማ ውስጥ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንፃ ነበር። ሳምንታዊ ሥርጭቱ ያበቃው ሐምሌ 23 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በየስልኩ የሚዞረው ከዚህ ሁሉ ዘመን ተመርጦ የተለቀመ የሦስትና የአራት ደቂቃ ቁራጭ ነው። ቁራጭ ብቻ ያየ ሰው ያ ዘመን ጥሩ ዘፈን ብቻ ያፈራ ይመስለዋል። ሙሉውን ፕሮግራም ሲያይ ግን በሁለት ምርጥ ዘፈኖች መካከል ዛሬ ማንም የማያስታውሰው አሰልቺ ዜማ፣ የልጆች መዘምራን፣ የቀልድ ዘፈን ያገኛል። ሕዝቡ በዚያ ሳምንት ገንዘቡን አውጥቶ የገዛው ያንንም ጭምር ነው። ለእኔ የፕሮግራሙ ዋጋ እዚያ ላይ ነው።

ስታዩ በሥርጭት ቀኑ ቅደም ተከተል ሂዱ። ደንቡን ካላወቃችሁ ግን ግራ ትጋባላችሁ። እንደ ደንቡ ደረጃው የወረደ ዘፈን አይቀርብም፤ ባለፈው ሳምንት የቀረበ ዘፈንም አንደኛ ካልሆነ በተከታዩ ሳምንት አይደገምም፤ መዝጊያው አንደኛው ዘፈን ነው። ስለዚህ ሦስተኛ የሆነው ዘፈን ሳይታይ ቀርቶ ሃያ ስምንተኛው ቢታይ ስህተት አይደለም፤ አንዱ እየወረደ ነው፣ ሌላው እየወጣ ነው። ፕሮግራሙን ብቻ ይዞ የሳምንቱን ደረጃ አወቅሁ ማለት አይቻልም፤ የዚያን ሳምንት ሙሉ ዝርዝር ከጎን አስቀምጡ።

ቢቢሲ ከ1976 ጀምሮ ያሉትን ክፍሎች በ2011 ዳግም ማሳየት ቢጀምርም ሁሉንም አላሳየም (ከዚህ በታች ስለ እንግሊዝ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው)። በኋላ በወንጀል ስማቸው የተነሳ አቅራቢዎች የመሯቸው ክፍሎች ተዘለዋል፤ አንዳንዱም ለማታው ሰዓት እንዲመች አጥሮ ቀርቧል። ቀኑ ሁለት ሳምንት ዘሎ ብታገኙት ፕሮግራሙ ያን ሳምንት አልተላለፈም ብላችሁ አትጻፉ።

እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ እዩት። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ተመልካች፣ ቀጥሎ ድምፁን ዘግታችሁ። ድምፁ ሲዘጋ ሥራው ይታያል። ትላልቆቹ ካሜራዎች ጎማ ባለው መቆሚያ ላይ ሆነው በወጣቶቹ መሀል ሲገፉ፣ የስቱዲዮ ሠራተኞች ታዳሚውን ከመንገድ ገለል ሲያደርጉ ታያላችሁ። ታዳሚው ብዙ ይመስላል እንጂ ብዙ አይደለም፤ ያው ሰው ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው እየተነዳ ነው። አንዲት ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ምረጡና በዓይናችሁ ተከተሏት፤ በሦስት ዘፈን ሦስት ቦታ ታገኟታላችሁ። ጠባብ ስቱዲዮን ሰፊ ማስመሰል ለምትፈልጉ ለእናንተ ለክሊፕ ሠሪዎቹ ይህ የነጻ ትምህርት ነው፦ ካሜራውን ዝቅ አድርጉ፣ ከፊት ለፊት የሰው ትከሻ አስገቡ፣ ግድግዳውን አጨልሙ።

የጥድፊያ ምልክትም ታያላችሁ፣ ምክንያት አለው። በ1970ዎቹ ደረጃው ማክሰኞ ይወጣል፣ ፕሮግራሙ ረቡዕ ይቀረጻል፣ ሐሙስ ማታ ይተላለፋል። ዘፋኙ አሜሪካ ካለና ፊልሙ ካልደረሰ በዘፈኑ ላይ የሚጨፍር ቡድን ይገባል፤ ከ1968 እስከ 1976 ይህን የሠሩት «ፓንስ ፒፕል» የተባሉት ሴት ተወዛዋዦች ናቸው። ውዝዋዜው ከግጥሙ ጋር ቃል በቃል ሲሄድ ብታዩና ብትስቁ አልፈርድባችሁም። ግን በስንት ቀን እንደተጠና አስቡ።

ፕሌይባክን፣ ማለትም በተቀዳ ሙዚቃ ላይ የሚጫወቱ መምሰልን፣ መለየት ልመዱ። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ገመድ አለው ወይ? የከበሮው ሳህን ሲመታ እንደ ብረት ይንቀጠቀጣል ወይስ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ደርቆ ይቀራል? ዘፋኙ ማይኩን ከአፉ ሲያርቅ ድምፁ ይቀንሳል? ከሁሉ የማይዋሸው መጨረሻው ነው፦ ሙዚቃው ቀስ በቀስ እየደከመ ከጠፋና ጭብጨባ ከሸፈነው ፕሌይባክ ነው፤ መድረክ ላይ የሚጫወት ባንድ የሆነ ቦታ ላይ መቆም አለበት። የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር ከ1966 ጀምሮ ይህን ስለተቃወመ ባንዶቹ ለፕሮግራሙ ሲሉ አጃቢውን እንደገና እንዲቀርጹ ይጠየቁ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን የሸክላው ኦሪጅናል ቴፕ በዘዴ ይተካ እንደነበር ሠሪዎቹ ራሳቸው በኋላ ተናግረዋል። ዘፋኙ በራሱ ድምፅ በቀጥታ ይዝፈን የተባለው በ1991 ነው። የዚያን ጊዜ ስንቱ ከዜማው እንደወጣ እዩና ፍረዱ።

ደረጃው ራሱስ ከየት ይመጣል? ከ1969 ጀምሮ አንድ የጥናት ድርጅት ከተመረጡ ጥቂት መቶ ሱቆች በሚላክለት የሽያጭ መዝገብ ያሰላው ነበር። ሻጩ የሸጠውን በእጁ ይጽፋል፣ በፖስታ ይልካል። ከ1983 ወዲህ ቆጠራው ወደ ኮምፒውተር ገባ። የእጅ መዝገቡ ድክመት ግልጽ ነው፤ የትኞቹ ሱቆች እንደሚቆጠሩ የደረሰበት ሰው ገዢ እየላከ የራሱን ሸክላ ከእነሱ ያስገዛል። ዛሬ የዩቲዩብ እይታ ከሚገዛው ጋር ልዩነቱ መሣሪያው ብቻ ነው። እናንተም የደሴን የሳምንት ደረጃ ለመሥራት ካሰባችሁ አንድ ቀን ቁረጡ፣ ቀኑን አትለውጡ። ፒያሳ፣ ሰኞ ገበያና ቧንቧ ውሃ ሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆችን፣ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሹፌሮችን ጠይቁ። ከየቦታው አሥር ዘፈን ተቀበሉና ለአንደኛው 10፣ ለአሥረኛው 1 ነጥብ ስጡ። ብዛቱን እንዳለ ከደመራችሁ ትልቁ ሱቅ ብቻውን ይወስናል። ጠያቂው ደግሞ የዘፋኙ ወንድም አይሁን።

አሁን ወደ ካሴቱ። ቢቢሲ ቴፕ ውድ ስለነበረ የ1960ዎቹን ክፍሎች አብዛኛውን በላያቸው ላይ ሌላ ቀርጾባቸዋል፤ ከዚያ ዘመን በሙሉ የተረፈው ጥቂት ነው። እኛም ጋ ቢሆን የበዓል ዝግጅት፣ የእሁድ መዝናኛ፣ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ጨዋታ ከቴሌቪዥን ላይ የተቀዳው በግለሰብ ቤት ሊሆን ይችላል። ካሴቱ ላይ ያለው ማስታወቂያ፣ የዜና ማሳወቂያ፣ የአስተዋዋቂዋ «እንኳን አደረሳችሁ» ቀኑን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ዘፈኑን ብቻ ቆርጦ ያስቀረ ሰው ምስክሩን አባሯል።

ዴክ (የካሴት ማጫወቻው) ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የካሴቱን ጎን ያለችውን ቁልፍ ተጭናችሁ ክዳኑን ክፈቱና ቴፑን በብርሃን እዩ። በመስኮቱ በኩል በጥቅሉ ላይ ነጭ ዱቄት ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። የደሴ ክረምት ጭጋግና እርጥበት ይህን ያመጣል፤ መሬት ላይ ወይም ከግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠ ካሴት አያመልጥም። የሻገተ ካሴት አታጫውቱ። ሄዱን፣ ማለትም ቴፑን የሚያነበውን የዴኩን ክፍል፣ ይበክላል፣ ሄዱም ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ካሴት ይበክላል። ሲሊካ ጄል ካለበት ዝግ ሣጥን ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይድረቅ፤ ከዚያ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ለዚሁ ብቻ በተመደበ አሮጌ ዴክ ይጠረግ።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ካሴት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወስዱ ሌላ ችግር አለ። ከብርድ ወጥቶ ሙቀት የገባ ካሴት ላይ ጤዛ ይይዛል፤ እርጥብ ቴፕ ዴኩ ውስጥ ሄዱን ይዞ በሚሽከረከረው ከበሮ ላይ ተለጥፎ ይበጠሳል። ሲደርስ ሳትከፍቱት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ ከዚያ እስከ መጀመሪያው ወደኋላ አጠንጥኑት። ዓመታት ሳይነካ የቆየ ጥቅል የላላና የጠበቀ ቦታ አለው፤ ይህ ያስተካክለዋል።

ሄድ ስታጸዱ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ብናኝ የማይተው ለስላሳ ቆዳ ተጠቀሙ። ቆዳውን ከበሮው ላይ አስደግፋችሁ ሳትነቀንቁ ያዙ፤ የሚዞረው ከበሮው ነው፣ በሌላ እጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ወደ ላይና ወደ ታች ካሻችሁት ሄዱ ይሰበራል። የጆሮ ጥጥ ለቪዲዮ ሄድ አይሆንም፤ የጥጡ ክር ሄዱ ላይ ተይዞ ይቀራል። ለድምፅ ሄዱ ግን ይሆናል።

ዴኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው መቀበያ ገመዱ ቢጫው ለምስል፣ ነጭና ቀዩ ለድምፅ ነው። የመቅረጫ ፕሮግራሙን እንዲህ አስተካክሉት፦ ፓል (የእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት)፣ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ። በዴኩ ሜኑ ውስጥ ምስል ሲደክም ሰማያዊ ስክሪን የሚያመጣውን ምርጫ አጥፉት፤ ካልጠፋ ቴፑ በደከመበት ቦታ ሁሉ የምታገኙት ሰማያዊ ነው፣ ለማዳን የፈለጋችሁት ግን ያንን ነበር። ምስሉ ላይ የሚንሳፈፍ የነጭ ጭረት መስመር ካለ ትራኪንጉን (ሄዱ የቴፑን መስመር እንዲከተል የሚያደርገውን ማስተካከያ) በእጅ አስተካክሉ፤ ካሴቱ በሌላ ዴክ ስለተቀረጸ አውቶማቲኩ ሁልጊዜ አያገኘውም።

በሀፍዩቭ፣ ማለትም ምንም ሳይጠፋ ብትቀርጹ፣ በሰዓት 30 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ የሦስት ሰዓቱ ኢ-180 ካሴት 90 ይሞላል። ዲስክ ከሌላችሁ ጨምቆ የሚይዘው ዲቪ በሰዓት 13 ነው። ፋይሉ 4 ጊጋባይት ላይ እየቆመ ካስቸገራችሁ ጥፋቱ የዴኩ አይደለም፤ ፍላሹ ወይም ዲስኩ ፋት 32 ተደርጎ ፎርማት ስለተደረገ ነው፣ ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። መብራት ደግሞ ያው እንደምታውቁት ነው። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ዴኩ የለውም። ዩፒኤስ ለዴኩ ስጡት። ቴፑ ከበሮው ላይ እንደተጠመጠመ መብራት ከሄደ ካሴቱን አትጎትቱ፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ስታቢላይዘር ላይ ሰክታችሁ በቁልፉ አስወጡት።

ርካሹ መቀበያ ፍሬም ይጥላል፣ ድምፁም ቀስ በቀስ ከአፍ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። መጀመሪያው፣ መካከሉና መጨረሻው ላይ የአስተዋዋቂዋን ከንፈር አይታችሁ አረጋግጡ። መጀመሪያው ላይ ልክ ሆኖ መጨረሻው ላይ ከተዛባ ድምፁን ወዲያ ወዲህ መግፋት አያድነውም፤ የምስል ማረጋጊያ ባለው ዴክ ወይም በዲቪዲ መቅጃ በኩል አሳልፋችሁ እንደገና ቅረጹ።

ለማየት የሚሆነውን ቅጂ ስትሠሩ በሰከንድ 25 ሳይሆን 50 ፍሬም አውጡ። የስቱዲዮ ቪዲዮ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነው የሚይዘው፤ 25 ስታደርጉት ግማሹ እንቅስቃሴ ይጠፋል። እስክስታው የሚደናቀፍ የሚመስለው በዚህ ነው፣ ትከሻ ደግሞ በግማሽ ፍጥነት አይታይም። የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር በሚንቀሳቀስ እጅ ላይ ካያችሁም ይኸው ሥራ አልተሠራም ማለት ነው። ምስሉን ለሰፊ ስክሪን ብላችሁ አትለጥጡ፤ አራት በሦስት ነው የተቀረጸው፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን።

የፋይሉ ስም ላይ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉና የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩበት። ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ «1981» ተብሎ ቢጻፍ የእኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን እንደ ፈረንጅ ያነበዋል፣ ከእንግሊዙ ጋር ስታነጻጽሩም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ትስታላችሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው።

ማስቀመጥና ማሰራጨት አንድ አይደሉም። የዘፋኙም፣ የጣቢያውም መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው 872/2007 የተጠበቀ ነው። ቻናል ላይ ከመጫናችሁ በፊት ባለመብቱን ጠይቁ፤ ለማጥናትና ለቤተሰብ ግን ኦሪጅናሉን ሳትነኩ ያዙ። ካሴቱን ከገለበጣችሁ በኋላ አትጣሉት፤ ወደ መጀመሪያው አጠንጥናችሁ፣ ሌላ እንዳይቀረጽበት በጀርባው ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ሰብራችሁ፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጡት። ፋይሉ ሁለት ዲስክ ላይ ይሁን፣ አንዱ ደሴ አንዱ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት፤ በዓመት አንድ ጊዜም ሁለቱንም ሰክታችሁ ከየፋይሉ መጨረሻ አምስት ደቂቃ አጫውቱ፣ የተበላሸ ፋይል ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ይከፈታልና።