ቆሎ የተጠቀለለበት የደመወዝ ሉህ

ጥያቄ፦ ሦስት ሆነን መርካቶ አካባቢ አነስተኛ የሒሳብ ሥራ ቢሮ ከፍተናል። ባለፈው ሳምንት ከታች ሱቅ ያስገዛሁት ቆሎ ተጠቅልሎ የመጣው በደንበኛችን የደመወዝ መክፈያ ሉህ ነበር! ቶሎ የማይበላሽ ሽሬደር (የወረቀት መክተፊያ ማሽን) ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቆሎው አሳቀኝ፤ ደመወዙ አደባባይ የወጣው ሰው ግን አይስቅም።

የቢሮ ማሽን ስጠግን እንዳየሁት ሽሬደርን የሚገድለው ስስት ነው። ካርቶኑ ላይ «8 ወረቀት» ካለ እርስዎ 6 ያስገቡ። ከዋጋው በፊት ስንት ደቂቃ ሠርቶ ስንት ደቂቃ እንደሚያርፍ ይጠይቁ፤ ትንንሾቹ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሠርተው ግማሽ ሰዓት ያህል መቀዝቀዝ ይፈልጋሉ። ሻጩ «ኧረ ቀኑን ሙሉ ይሠራል!» ካለዎት መመሪያውን ገልጦ ያሳይዎት።

አቆራረጡ ላይ ግን አይደራደሩ። እንደ ፓስታ በረዥሙ የሚሰነጥቀው ርካሽ ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ግን ቁጭ ብሎ በፕላስተር ይገጣጥመዋል። ቁልቁልም አግድምም የሚከትፈውን ይውሰዱ፣ ዲን 66399 በሚባለው የጀርመን የሰነድ ማስወገጃ መለኪያ «ፒ-4» የሚል ደረጃ የተጻፈበትን። የአንዷ ቁራጭ ስፋት ከ160 ስኩዌር ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ 4 በ40 ቢሆን ከክብሪት እንጨት ትንሽ ሰፋ ትላለች።

የማሽኑን ጥርስ የሚያለሰልሰውን ዘይት ወረቀት ላይ ጠብ ጠብ አድርገው ወረቀቱን ያስበሉት። በጣሳ የሚነፋውን ቅባት ግን እንዳያስጠጉት፤ ጋዙ በሞተሩ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ወረቀት መሀል ላይ ከተቀረቀረ ደግሞ ወደ ኋላ የሚያዞረውን ቁልፍ ይጫኑ እንጂ በቢላ አይጎርጉሩት። የአንድ ደንበኛዬን ማሽን ጥርስ የሰበረው የዳቦ ቢላ ነው።